በረሃ ከተማ ላይ በረዶ ይጥላል እንዴ? ለእናቴ ምን ልበላት?

የመሐል ሜዳዋ · እሑድ ማታ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እንዴት ሰነበታችሁ?

አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው የምጽፈው። ታላቅ እህቴ ሳውዲ ናት፤ ታቡክ የሚባል ከተማ። ሰው ቤት ትሠራለች፤ አራተኛ ዓመቷን ይዛለች። ትናንት ማታ አጭር ቪዲዮ ላከችልኝ። መሬቱ ነጭ ነው። ከነጩ ሥር ቀይ አፈርና ድንጋይ ብቅ ብቅ ይላል። ራቅ ብሎ ሁለት ግመሎች ቆመዋል። እሷ በአንድ እጇ ስልኩን ይዛ፣ በሌላው ነጩን ዘግና ታሳየናለች። «እዪው፣ በረዶ ነው፤ እማዬን አሳዪልኝ» ትላለች።

የምሠራው ደብረ ብርሃን ነው፤ ለገና መጥቼ መሐል ሜዳ እናቴ ጋ ነኝ። እናቴ ተወልዳ ያደገችው ጓሳ አፋፍ ላይ ነው። ስለ ብርድ ለእሷ የሚነግራት ሰው የለም። ቪዲዮውን ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። ከዚያ ጋቢዋን ሰብሰብ አድርጋ «እኛ እዚህ በብርድ ስንቆራመድ ያልጣለ፣ ምነው እዚያ በረሃ ላይ ጣለ?» አለችኝ።

መልስ አጣሁ። ጂኦግራፊ እስከ 12ኛ ክፍል ተምሬአለሁ፤ ይቺን ግን ማንም ጠይቆን አያውቅም። የአጎቴ ልጅ ደግሞ «ተዪው፣ ኤ አይ ነው፤ በረሃ ላይ በረዶ የለም» ብሎ ነገሩን ሊዘጋው ፈለገ። እህቴ አትዋሽም። እናቴም ያለ ነገር የምትጠይቅ ሴት አይደለችም። እውነት በረሃ ውስጥ ያለ ከተማ በረዶ ይጥልበታል? ከጣለበትስ 3,000 ሜትር ላይ ያለው አገራችን ምን አደረገ? የምታውቁ አስረዱኝ። የምትጽፉትን ለእናቴ አነብላታለሁ።

ጣርማ በር · እሑድ ማታ

እህቴ፣ እኔ ሹፌር ነኝ። ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ ሚሌና ሠመራ እመላለሳለሁ። የሳውዲውን አላውቅም። የእኛ አፋር ግን በረዶ አይጥልበትም። ሠመራ በታኅሣሥ ሌሊት ውጭ አልጋ ዘርግተን በአንሶላ ነው የምናድረው።

ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ባለፈው ሳምንት ደብረ ብርሃን አድሬ ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣሁ። የፊት መስታወቱ በውርጭ ተለብጧል። ረዳቴ ለብ ያለ ውኃ ሲያፈስ፣ እኔ በሞባይል ካርድ ስፍቅ 20 ደቂቃ ሄደብን። ጣርማ በር ላይ ጭጋግ ነው፤ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ዋሻውን አልፈን ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ስንል ካፖርቴን አወለቅሁ። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ መስኮቱ ወለል ብሏል፤ ረዳቴ በካናቴራ ነው። ሽንኩርትና ማሾ የሚጫንበት ጋ ቆመን ቀዝቃዛ ውኃ ገዛን። ከውርጩ እስከ ቀዝቃዛው ውኃ ሦስት ሰዓት አይሞላም።

እና እኔ ነገሩ የከፍታ ይመስለኛል። እህትሽ ያለችበት አካባቢ ተራራ አለ ወይ?

ሐቅ ፈላጊ · እሑድ ሌሊት

እህትሽን ውሸታም ለማለት አይደለም። መጠንቀቅ ግን አይከፋም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2013 ካይሮ አካባቢ ነጭ ነገር ወረደ ተብሎ ሰው ሲነጋገር፣ ስፊንክስ በረዶ ለብሶ የሚታይበት ፎቶ ስልክ በስልክ ዞረ። እኔም ሼር አድርጌዋለሁ። በኋላ ሲጣራ ፎቶው የግብፅ አልነበረም። ጃፓን ውስጥ ቶቡ ወርልድ ስኩዌር የሚባል መናፈሻ አለ፤ የዓለም ታዋቂ ሕንፃዎች በትንሹ ተሠርተው የቆሙበት። በረዶው የጣለው እዚያ ባለው ትንሹ ስፊንክስ ላይ ነው። ያኔ ደግሞ ኤ አይ እንደ ዛሬ በየሰዉ እጅ አልነበረም።

ሌላው፣ ነጭ የሆነ ሁሉ አንድ አይደለም። ደብረ ብርሃን በሐምሌ በረዶ ወርዶ አስፋልቱ ነጭ ሲሆን ስንት ጊዜ አይተናል? ያንን ቀርጾ «ስኖው ጣለ» ብሎ የለጠፈ ሰው አጋጥሞኛል። የእህትሽ የትኛው ነው? ሲወርድ ድምፅ ነበረው? ጠጠር ነው ወይስ ብናኝ? ጠይቂያት። መልሱ እዚያ ላይ ነው ያለው።

ጡረተኛው መምህር · ሰኞ ጠዋት

ልጄ፣ እንደምን አደርሽ። ለእናትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ብዙ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬአለሁ፤ የእናትሽን ጥያቄ ያህል የሚያሠራ ጥያቄ ክፍል ውስጥ አልገጠመኝም። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ ታገሡኝ።

መጀመሪያ «በረሃ» የምንለውን ቃል እንየው። እኛ በረሃ ስንል ቶሎ የሚመጣልን ሙቀት ነው። ቆላ፣ ሐሩር፣ ወባ። በጂኦግራፊ ግን በረሃ ማለት ደረቅ ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ በዓመት ከ250 ሚሊ ሜትር ያነሰ ዝናብ የሚያገኝ አገር በረሃ ይባላል። ደብረ ብርሃን በዓመት 900 ገደማ ታገኛለች። ታቡክ 50 እንኳ አይሞላላትም። በዚህ ሂሳብ ከሄድን የዓለም ትልቁ በረሃ አንታርክቲካ ነው፤ ያን ሁሉ በረዶ ተሸክሞ። የሞንጎሊያው ጎቢም በረሃ ነው፤ በክረምት ግመሎቹ በረዶ ይረግጣሉ። በረሃ የጎደለው እርጥበት ነው። ብርድማ አለው።

በረዶ እንዲጥል ብርድና እርጥበት በአንድ ሰዓት መገናኘት አለባቸው። ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

ታቡክ በሰሜን ኬክሮስ 28 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ከእሷ ወደ ሰሜን ዮርዳኖስ፣ ሶርያ፣ ቱርክ እያለ ይሄዳል። በእነሱ ክረምት፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ ከዚያ ወገን ብርድ አየር ወደ ደቡብ ይወርዳል። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ሆኖ ነው የሚመጣው። ሌሊቱ ይበርዳል፤ ጠብ የሚል ነገር ግን የለም። አንዳንድ ጊዜ ግን ከሜዲትራንያን ባሕር እርጥበት ከያዘ ደመና ጋር ይገጥማል። ያን ጊዜ በረሃው ነጭ ይለብሳል።

ለዚህ ጥሩ ምስክር ባግዳድ ናት። ከባሕር ወለል 40 ሜትር እንኳ ከፍ አትልም፤ ተራራ የሚባል የላትም። ሆኖም እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 11 ቀን 2008 በረዶ ጣለባት። አዛውንቶቹ በዕድሜያችን አላየንም አሉ። ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2020 ደገማት። አልጄሪያ ውስጥ ደግሞ የበረሃው በር የምትባል አይን ሴፍራ አለች፤ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ። በ2016፣ በ2018 እና በ2021 ቀዩ የአሸዋ ክምሯ ነጭ ለብሶ ታይቷል። «ሐቅ ፈላጊ»፣ ይኼኛው ፎቶ እውነተኛ ነው።

ሹፌሩ ወንድማችን ተራራ አለ ወይ ብሎ መጠየቁ ልክ ነው። ታቡክ ራሷ ከ800 ሜትር በታች ናት። ከከተማዋ በስተሰሜን ምዕራብ ግን ጀበል አል ለውዝ የሚባል ተራራ አለ፤ ከ2,500 ሜትር ያልፋል። እዚያ በክረምታቸው በረዶ የሚጥልበት ዓመት ብዙ ነው። የከተማው ሰው ልጆቹን ጭኖ ሊያይ ይወጣል። እህትሽ ቪዲዮውን ያነሣችው እዚያ ይመስለኛል።

አሁን ወደ እናትሽ አገር፣ ወደ መንዝ እንምጣ። ከፍ ባልን ቁጥር ይበርዳል፤ በ1,000 ሜትር 6 ዲግሪ ተኩል ገደማ። ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት ወደ 2,000 ሜትር የሚጠጋ ቁልቁለት ነው። ስለዚህ 12፣ 13 ዲግሪ ልዩነት አለ ማለት ነው። ከፍታ ብቻውን ግን አይበቃም። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን። በእኛ ሰማይ ላይ ዜሮ ዲግሪ የሚገኘው ከ4,500 እስከ 5,000 ሜትር ባለው ውስጥ ነው። ያ መስመር እንደ ሰሜኖቹ አገር በክረምት እስከ መሬት አይወርድም። የክረምት ዝናባችን ብዙው ከላይ ሲነሣ በረዶ ነው። ብናኝ ሆኖ መውረድ ይጀምራል፤ መስመሩን ሲያልፍ ይቀልጣል፤ መንዝ ሲደርስ ዝናብ ሆኗል። ራስ ደጀን 4,550 ሜትር ስለሆነ ጫፉ መስመሩን ይነካዋል፤ አልፎ አልፎ ይጥልበታል፤ ግን አይከርምበትም። የጓሳ መሬት ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ነው። አይደርስም።

እናትሽ «ታዲያ ይኼ አጥንት የሚሰብረን ብርድ ምንድነው?» ካሉ፣ እሱ የበጋ ብርድ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ይላል። ቀን መሬቱ የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ይተፋዋል፤ የሚመልስለት ደመና የለም። ደመና ለመሬት ጋቢው ነው። በሐምሌ ጋቢው አለ፤ ሌሊቱ ያን ያህል አይከፋም። በታኅሣሥ ራቁቱን ያድራል፤ ውኃው በገንዳ ላይ ይረጋል። ግን አየሩ ደረቅ ነው፤ የሚጥል ነገር ከየት ይመጣል? ብርዱ ሲመጣ ደመናው ሄዷል። ደመናው ሲመጣ ብርዱ ሄዷል። መንዝ ላይ ሁለቱ ተላልፈው ነው የሚኖሩት።

የመሐል ሜዳዋ · ሰኞ ከሰዓት

ጋሼ መምህር፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ለእናቴ ቀስ ብዬ አነበብኩላት። «ተላልፈው ነው የሚኖሩት» የሚለው ላይ ስደርስ «እውነት ነው፣ እውነት ነው» አለች። ከዚያ ግን ሌላ ጥያቄ አመጣች። «በረዶው ከመስመሩ በታች ይቀልጣል ካሉ፣ ገብሳችንን የሚያወድመው በረዶስ? እሱ ለምን አይቀልጥም? አባትሽ በሞተ ዓመት የወረደው እኮ እስከ ማግሥቱ ግንቡ ሥር ተከምሮ ነበር።»

ይኼንንም አላውቅም።

አረንጓዴ መስክ · ሰኞ ማታ

ይቺን ለእኔ ተዉልኝ። የግብርና ባለሙያ ነኝ፤ አንጎለላና ጠራ ወረዳ ነው ያለሁት። በረዶና ውርጭ የሥራዬ ራስ ምታት ናቸው።

እማማ የሚሉት በረዶ ሌላ ፍጥረት ነው። ነጎድጓድ ያለው ደመና ውስጥ አየር ወደ ላይ በኃይል ይነሣል። የዝናብ ጠብታውን ይዞት ይወጣል፤ ላይ ሲደርስ ይረጋል። ሲወርድ እንደገና ውኃ ይለብሳል፣ እንደገና ይረጋል። አየሩ መሸከም እስኪያቅተው ድረስ ይወፍራል። ከዚያ ይወረወራል። ክብደት ስላለው ቶሎ ነው የሚወርደው፤ ለመቅለጥ ጊዜ የለውም። ለዚህ ነው ሞቅ ባለ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ቆላ ላይም ቢሆን የሚወርደው።

አንድ ጊዜ በሐምሌ፣ በረዶው እንዳባራ፣ ከቢሮው በረንዳ ላይ የባቄላ ፍሬ የሚያክል አነሣሁ። በምላጭ ለሁለት ከፈልኩት። ውስጡ እንደ ሽንኩርት ድርብርብ ነው። አንዱ ንብርብር እንደ ወተት ነጭ፣ ቀጥሎ ያለው እንደ መስታወት የጠራ፣ ከዚያ ደግሞ ነጭ። አራት ቆጠርኩ። አምስተኛውን ሳልጨርስ መዳፌ ላይ ቀለጠ። ይኼ ሁሉ ንብርብር ሰማይ ላይ ስንት ጊዜ ውኃ እንደለበሰ ይናገራል። እህታችሁ የዘገነችውን ብትከፍለው እንዲህ ያለ ነገር አታገኝም።

ውርጩ ደግሞ ከሰማይ አይወርድም። እዚያው ቅጠሉ ላይ ነው የሚሠራው። ጠዋት ባቄላው ላይ ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል። ያምራል። ፀሐይ ሲያርፍበት ግን ቅጠሉ ይጠቁርና ይንጠለጠላል። ገበሬው «ውርጭ አቃጠለው» የሚለው ለዚህ ነው፤ በእሳት የተለበለበ ነው የሚመስለው። ደግሞ የሚብሰው ተራራው ጫፍ ላይ አይደለም። ብርድ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውኃ ወደ ረባዳው ይወርዳል። ዳገቱ ላይ ያለው ማሳ ተርፎ ሜዳው የሚቃጠለው ለዚህ ነው። ገበሬዎቻችን ይኼንን ከእኔ በፊት ያውቁታል፤ እኔ ትምህርት ቤት ከተማርኩት ይልቅ ከእነሱ ማሳ ያየሁት ይበልጣል።

የአንኮበሩ · ሰኞ ማታ

የቃል ነገር ልጨምር። ግማሹ ክርክር የመጣው ከቃሉ ይመስለኛል። ዛሬ ሁሉንም «በረዶ» ብለን እንጠራዋለን። የወረደውንም፣ የጣለውንም፣ ፍሪጅ ውስጥ የረጋውንም። ድሮ ግን ለይተው ነው የጠሩት።

ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 9 ላይ ግብፅን የመታው «በረዶ» ነው። ነጎድጓድና እሳት አለው፤ ሰውና ከብት ይመታል፤ ገብሱንና ተልባውን አጠፋ፤ ስንዴውና አጃው ተረፉ፤ ገና አልደረሱም ነበርና። ይኼ የመንዝ ገበሬ የሚያውቀው በረዶ ነው። አገሩም የበረሃ አገር ነው፤ ልብ በሉ።

ትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 1 ላይ ደግሞ ኃጢአት እንደ አለላ ቢሆን እንደ «አመዳይ» እንደሚነጻ ተጽፏል። ቀጥሎም ከ«ባዘቶ» ጋር ያነጻጽረዋል። አመዳይ ድምፅ የለውም፣ አይመታም፣ ነጭ ነው፣ ለስላሳ ነው። ባዘቶ ደግሞ ተነድፎ ለፈትል የተዘጋጀ ጥጥ ማለት ነው። የእህታችን ቪዲዮ እውነት ከሆነ፣ ያየችው አመዳይ ነው። ቃሉ አለን። ብንጠቀምበት «በረሃ ላይ በረዶ አለ፣ የለም» ብለን አንጣላም ነበር።

ከሸዋ ቬጋስ · ማክሰኞ ጠዋት

ሰላም የአገሬ ልጆች። ከላስ ቬጋስ ነው የምጽፈው፤ ልጅነቴ ሞላሌ ነው። መምህር ያሉትን እኔ በዓይኔ አይቼዋለሁና ልመስክር።

ቬጋስ እውነተኛ በረሃ ናት። በዓመት የምታገኘው ዝናብ ከ100 ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። በሐምሌ መሪው እጅ ያቃጥላል። እኔ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ዲሴምበር 17 ቀን 2008፣ ረቡዕ፣ ታክሲ ይዤ ወጥቼ ነበር። ከሰዓት በኋላ ዝናብ መሰለኝና መጥረጊያውን አበራሁት። መስታወቱ ላይ ያረፈው ነገር ግን አይፈስም። ይለጠፋል። ቀና ስል መንገዱ መሐል የተተከሉት ዘንባባዎች ቅጠላቸው ነጭ ሆኖ ወደ ታች ጎብጧል። ዘንባባ እንደዚያ ሲሆን አይቼ አላውቅም።

አየር ማረፊያው ላይ የተለካው ወደ 9 ሴንቲ ሜትር ነው። በረራ ተሰረዘ፤ በማግሥቱ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። እኔ በረዶ ላይ ነድቼ አላውቅም። የኋላ ወንበር ላይ የነበሩት ተሳፋሪ ከሰሜን የመጡ ሽማግሌ ነበሩ። ስደነግጥ አይተው «ፍሬን አትርገጥ፤ እግርህን ከነዳጁ ቀስ ብለህ አንሣ» እያሉ እንደ ልጃቸው እየመሩ አስገቡኝ። ሆቴላቸው በር ላይ ስንደርስ እጄ መሪው ላይ ደርቆ ነበር።

በ1949 ጃንዋሪ ደግሞ በወሩ ውስጥ ወደ 42 ሴንቲ ሜትር እንደጣለ ተመዝግቧል። እኔ ራሴ በፌብሩዋሪ 2019 እንደገና አይቼዋለሁ። በየዓመቱ አይደለም፤ ሲመጣ ግን ይመጣል። ከተማዋ 600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከሸዋ ሮቢት ግማሽ ማለት ነው። ግን 36 ዲግሪ ሰሜን ናት። መምህር፣ የእርስዎ ሂሳብ እዚህም ሠርቷል።

ከዱባይ መልስ · ማክሰኞ ጠዋት

እኔ ዱባይ ስድስት ዓመት ነበርኩ፤ አንድም ቀን አልጣለም። ሁሉም የበረሃ ከተማ እንዳይመስላችሁ። ባሕር ዳር ናት፣ ዝቅ ያለች ናት። በረዶ ያየሁት ስኪ ዱባይ ውስጥ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 የተከፈተ፣ ሞል ውስጥ ያለ፣ በማሽን የሚሠራ። በአሠሪዬ ልጆች ምክንያት ገብቼ ጣቴ ደንዝዞ ወጣሁ። ተፈጥሮው በረዶ ራስ አል ኸይማ ተራራ ላይ፣ ጀበል ጄስ፣ በ2004 መጨረሻና በ2009 ጥሏል። እሱም 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ስላለው ነው።

ሐቅ ፈላጊ · ማክሰኞ ከሰዓት

ሁሉንም አነበብኩ። በጣም ተምሬአለሁ፤ በተለይ ከአረንጓዴ መስክ። ግን አንድ ነገር ይቀራል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 እዚያው ሰሜን ሳውዲ፣ አል ጀውፍ አካባቢ፣ በረሃው ነጭ ሆኖ ታይቶ ሁሉም ስኖው ብሎት ነበር። ነጎድጓዳማ ዝናብ ያወረደው ጠጠር በረዶ ነበር። ስለዚህ ሳውዲ ውስጥ መሆኑ ብቻ አይበቃም። የመሐል ሜዳዋ፣ እህትሽ መለሰችልሽ?

የመሐል ሜዳዋ · ማክሰኞ ማታ

መለሰች! ዛሬ ነው ስልኳን ያገኘችው። የድምፅ መልእክት ነው፤ እንዳለ እጽፈዋለሁ።

«እንዴት ነሽ እታለም። አዎ፣ ከተማው ውስጥ አይደለም። እኔ ከመጣሁ ጀምሮ ከተማው ውስጥ አላየሁም። ተራራ ላይ ነው፤ ጀበል አል ለውዝ ይሉታል። ልጆቹ አለቀሱና ሁላችንንም ጭነው ወሰዱን። መንገዱ ላይ ገና እያለን ሰማዩ አመድማ ሆነ። ስንወርድ መጣል ጀምሯል። ድምፅ የለውም። ምንም። እኔ እኮ እንደ አገራችን ቆርቆሮ ላይ የሚንኳኳ መስሎኝ ራሴን ሸፍኜ ነበር። እማዬ ጥጥ በደጋን ስትነድፍ የሚበነው አለ አይደል? ፀጉሯ ላይ የሚያርፈው? ልክ እሱ ነው። ልክ እሱ። አፌን ከፍቼ ቆምኩ። የሻይ ብርጭቆ ሙሉ አፍሼ መኪና ውስጥ ይዤ ገባሁ፤ ላሳያችሁ ብዬ። ታቡክ ስንደርስ ብርጭቆው ሥር ሁለት ጉንጭ ውኃ ነበር የቀረው።»

የአንኮበሩ · ማክሰኞ ማታ

ባዘቶ። እህትሽ እኔ የጻፍኩትን አላነበበችም አይደል?

የመሐል ሜዳዋ · ማክሰኞ ማታ

አላነበበችም። እዚህ መድረክ ላይ የለችም።

ሐቅ ፈላጊ · ማክሰኞ ማታ

በቃኝ። ድምፅ አልነበረውም ካለች እውነተኛው ነው። ለእህትሽ ይቅርታዬን አድርሺልኝ፤ ለአጎትሽ ልጅም ኤ አይ እንዳልሆነ ንገሪው።

ጡረተኛው መምህር · ረቡዕ ጠዋት

ልጄ፣ ያቺ የሻይ ብርጭቆ ጥሩ መለኪያ ናት። አዲስ የጣለ አመዳይ አብዛኛው አየር ነው። 10 ሴንቲ ሜትር ቢጠራቀም፣ ሲቀልጥ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ውኃ ነው የሚወጣው። ጠጠር በረዶ ብርጭቆ ሙሉ ይዛ ብትገባ ኖሮ ውኃው ከግማሽ ያልፍ ነበር። ስለዚህ እህትሽ ሳታስበው ሁለተኛ ማስረጃ ሰጥታናለች። የአንኮበሩ ወንድማችን ስላስታወሰኝ ቃል አመሰግናለሁ። እኔም እስከ ዛሬ ተማሪዎቼን «በረዶ» እያልኩ ነው ያስተማርኩት።

እናትሽ ምን አሉ?

የመሐል ሜዳዋ · ረቡዕ ማታ

ጋሼ፣ የእህቴን ድምፅ ሳሰማት ምንም አላለችም። ደጋኑ የሚለው ላይ ስትደርስ እጇን ፀጉሯ ላይ አሳረፈች። ከዚያ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ሳጥኑን ከፍታ አንድ ባና አወጣች፤ ከራሳችን በጎች ፀጉር የተሠራ፣ ጥቁር፣ ገና ያልተነካ። ለእኔ ለሠርጌ ያስቀመጠችው ነው ብዬ የማስበው ነበር። «ይኼን ላኪላት» አለችኝ። «ከተማው ቆላ ነው፣ ተራራው ነው እንጂ የሚበርደው» ብዬ ላስረዳት ሞከርኩ። «ሌሊቱ ይበርዳል ብለዋል መምህሩ፤ አንቺው ነሽ ያነበብሽልኝ» አለች።

ስለዚህ ሌላ ነገር ልጠይቃችሁ። ወደ ታቡክ ወይም ወደዚያ አካባቢ የሚሄድ ሰው የምታውቁ አላችሁ? አንድ ባና ብቻ ነው።

ከዱባይ መልስ · ረቡዕ ማታ

እህቴ፣ አንዲት የሰፈሬ ልጅ ለእረፍት መጥታ በጥር መጨረሻ ወደ ጅዳ ትመለሳለች። ጅዳና ታቡክ ይራራቃሉ፤ ግን ከዚያ በአውቶቡስ የሚልኩላት ልጆች አሉ። ጠይቄያት እሺ ብላለች። የራሷ ሻንጣ ስላለ ከ3 ኪሎ እንዳይበልጥ ነው ያለችው። በውስጥ መስመር ጽፌልሻለሁ።

የመሐል ሜዳዋ · ሐሙስ ጠዋት

አየሁት፤ እግዜር ይስጥልኝ። ጠዋት ባናውን ጠቅልለን ሱቅ ሚዛን ላይ አወጣነው። 2 ኪሎ ከ700 ነው። እናቴ የቀረው 300 ግራም ይባክናል ብላ በሶ እየቋጠረች ነው። ሰኞ ደብረ ብርሃን ይዤው እገባለሁ።